ጎማው፣ ሳልሞኑና የቅዳሜው ደቦ

ሲያትል ውስጥ ሐምሌ ላይ ችግኝ ከሚተክል ሰው ገንዘቡን ጉድጓድ ቆፍሮ የሚቀብር ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ መልሶ ያወጣዋል። እኛ ሰማዩ ሲያጉረመርም አካፋ ይዘን መውጣት የለመድን ሰዎች ነን። እዚህ ግን ሐምሌና ነሐሴ ጠብ የሚል ነገር የለም። ዝናባማ ነው እየተባለ ስሙ በዓለም የሚነሣው ከተማ በእነዚያ ሁለት ወራት ሣሩ ነጥቶ ይደርቃል። ተከላ የሚጀመረው ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲመለስ ነው፤ እስከ የካቲት ይዘልቃል። ችግኙ በዚያ ጊዜ ሥር ካልሰደደ የመጀመሪያውን በጋ አያልፍም። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣ ሰው ደቦአችንን ሲቀላቀል መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ቀጥዬ ሁለት ካልሲ ደርቦ እንዲመጣ አሳስበዋለሁ።

ደቦ የምለው ቅዳሜ ጠዋት ሎንግፌሎው ክሪክ ዳር የሚሰበሰበውን ሰው ነው። ሎንግፌሎው በምዕራብ ሲያትል፣ ደልሪጅ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚወርድ ጅረት ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ጎረምሳ በአንድ ዝላይ ይሻገረዋል። ከሮክስሂል ረግረግ ይነሣና አንዳንዴ በቱቦ፣ አንዳንዴ በገሃድ እየሄደ በጓሮዎችና በጎልፍ ሜዳ በኩል ያልፋል። መጨረሻው ላይ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ሥር በተቀበረ ረጅም ቱቦ ገብቶ ከዱዋሚሽ ወንዝ ጋር ይገናኛል። እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር የሚመለስ ሳልሞን የተባለው ዓሣ ወደ እኛ ለመድረስ ያንን ጨለማ ቱቦ ሽቅብ ዋኝቶ መጨረስ አለበት። ይጨርሳልም። ቱቦው ከሚያልቅበት ትንሽ ከፍ ብሎ በዓሣ አጽም አምሳል የተሠራች የእግረኛ ድልድይ አለች፤ ሙሽሮችና ቱሪስቶች ፎቶ ይነሡባታል፤ ከሥሯ የሚሆነውን የሚያይ ግን ጥቂት ሰው ነው።

ሥራችን ተከላ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ተከላው ጥቂት ቅዳሜ ይፈጃል፤ የቀረው ዓመት በሙሉ አረም ነው። ዋነኛው ጠላታችን እሾሃማው ጥቁር እንጆሪ ነው፤ የሂማሊያ እንጆሪ ይሉታል እንጂ ትውልዱ ወደ አርሜኒያና ኢራን ነው። ወደ አሜሪካ ያመጣው ሉተር በርባንክ የተባለው ስመ ጥር ዕፅዋት አዳቃይ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1885 ነበር። ለፍሬው ብሎ ነው። ፍሬውማ ምን ይወጣለታል፤ ነሐሴ ላይ ልጆች አፋቸው እስኪጠቁር ይበሉታል። ጣጣው ግንዱ ነው። እሾሁን እንዳዘለ ጎብጦ ይወርድና ጫፉ መሬት በነካበት ቦታ ሥር ሰድዶ ሌላ ተክል ይሆናል። ከላይ የቆረጠው ሰው መልካም አድርጎ ገርዞታል ማለት ነው፤ በዓመቱ በእጥፍ ይመለሳል።

ስለዚህ ጉቶው ነው የሚወጣው። ዶማውን ከጉቶው አንድ ስንዝር አርቆ ማሳረፍ፣ መነቅነቅ፣ አፈሩ ሲላላ በወፍራም ጓንት ጨብጦ ወደ ላይ ከመጎተት ይልቅ ወደ ጎን መጠምዘዝ። ሲለቅ እርጥብ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። ያን ድምፅ ያልሰማ ሰው ሥሩን በጥሶ ግማሹን አፈር ውስጥ ትቶታል። ዛፍ ላይ የወጣው ሐረግ ደግሞ ሌላ ጥበብ ይፈልጋል። ከላይ ጎትቶ ማውረድ የደረቀ ቅርንጫፍ ራስ ላይ መጋበዝ ነው። በደረት ቁመት ላይ ዙሪያውን ይቆረጣል፣ ከዚያ በታች ያለው ከነሥሩ ይነቀላል፣ የላይኛው ግን እዚያው ዛፉ ላይ እንዳለ ይደርቅ ዘንድ ይተዋል። አዲስ የመጡ ሰዎች ይህን አይወዱትም። ዛፉ ወዲያውኑ ጸድቶ ማየት ይፈልጋሉ።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዜጎች ማኅበራት ጋር ሆና ግሪን ሲያትል ፓርትነርሺፕ የተባለውን ሥራ ስትጀምር የያዘችው ዕቅድ 2,500 ኤከር ደን በ20 ዓመት ውስጥ ማደስ ነበር። የወደድኩላቸው ነገር ሥራውን በአራት ደረጃ መክፈላቸው ነው፤ ማጽዳት፣ መትከል፣ ችግኙ እስኪጠና መንከባከብ፣ ከዚያም ለዘለቄታው መጠበቅ። ተከላ ሁለተኛው ላይ ነው ያለው። ካሜራ የሚመጣውም እዚያ ላይ ብቻ ነው። ባለሥልጣን አንድ ችግኝ ተክሎ ጓንቱን አውልቆ ይሄዳል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ላይ ከእማማ በቀር ማንም አይገኝም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እማማ የምንላቸው ከጎንደር ገጠር የመጡ እናት ናቸው። ልጃቸው ነርስ ነች፤ ሐኪሙ "ይራመዱ" ብሏቸው ነው ወደ እኛ የመጡት። በመጀመሪያው ቀን እኛ ጉልበታችን ሥር ስፖንጅ አንጥፈን፣ ተንበርክከን ስናርም ቆመው አዩን።

"ተንበርክኮ የሚያርም ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ወገባችሁን ምን ነካው?" አሉ።

ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጎንበስ ብለው ገቡበት። ያዘጋጀንላቸው ወንበር እስከ ምሳ ድረስ ባዶውን ዋለ። እንግሊዝኛ ብዙም አይናገሩም፤ አስተባባሪዋ ልጅ ግን አዲስ ሰው ሲመጣ ወስዳ ከእሳቸው ጎን ታቆመዋለች። ማስተማሪያው ያ ነው።

እማማን እስከ ዛሬ ያላሳመናቸው አንድ ነገር አለ። ወንዙ ውስጥ የወደቀ ግንድ ሲያዩ ይከነክናቸዋል።

"ይህን ሁሉ ማገዶ ውኃ ውስጥ የጣለው ማን ነው?"

"ሆን ተብሎ ነው እማማ።"

"ሆን ተብሎ! ጥጋብ ነው በለኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንዱ ውኃውን ያሰናክለዋል፤ ውኃው ሲሰናከል ከሥሩ ይቆፍርና ጥልቅ ቦታ ይፈጥራል፤ ትንንሾቹ ዓሦች ጎርፍ ሲመጣም ሙቀት ሲበረታም እዚያ ይጠለላሉ። ኮሆ የሚባለው የሳልሞን ዓይነት ከእንቁላል ከወጣ በኋላ ዓመት ያህል በንጹሕ ውኃ ውስጥ ካላደገ ወደ ባሕር አይሄድም፤ ስለዚህ ጅረቱ የልጅነት ቤቱ ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ውኃውን በጥላው ያቀዘቅዛል፣ ሥሩ ዳርቻውን ይይዛል፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ነፍሳት ይመገቡታል፣ ነፍሳቱን ዓሣው ይመገባቸዋል። ሲወድቅም ሥራውን አይጨርስም። እኛ የምንተክለው በዚህ ስሌት ነው፤ ውኃው አጠገብ አኻያ፣ ከፍ ብሎ ሬድ ሴዳር የሚሉት የጥድ ዘመድ፣ ከሥራቸው ፈርንና ቁጥቋጦ። አኻያው ችግኝ እንኳን አይፈልግም። በእንቅልፍ ወቅቱ ዱላ የሚያህል ቅርንጫፍ ተቆርጦ እርጥብ መሬት ውስጥ ይሰካል፤ ቡቃያው የሚያይበት ጫፍ ወደ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በሚሠራበት ጊዜ ታዲያ ዓሣው ይሞት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የከተማዋ ጅረቶች መታደስ ሲጀምሩ ኮሆ መመለሱ ታየ፤ ሰውም ተደሰተ። ቀጥሎ ግን የሚመለሱት ዓሦች እንቁላላቸውን ሳይጥሉ መሞታቸው ተስተዋለ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ድረስ ባደረጉት ክትትል እንደ ሎንግፌሎው ባሉ የከተማ ጅረቶች ከሚመለሱት ሴት ኮሆዎች በየዓመቱ ከ60 እስከ 100 በመቶ የሚሆኑት እንዲሁ ሲሞቱ ተመዝግቧል። ሳልሞን እንቁላሉን ከጣለ በኋላ መሞቱ ተፈጥሮው ነው። ይህ ግን ሌላ ነው፤ ከውቅያኖስ ድረስ መጥቶ በር ላይ መቅረት ነው።

አሟሟቱን አይቻለሁ። ኅዳር ውስጥ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት ላይ ውኃው ቡናማ ሆኗል። ክንዴን የምታክል ሴት ኮሆ ወደ ውኃው ፊት ወጥታ ክብ ትሠራለች። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ዳር ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ትጋጫለች፤ ድንጋዩን ያየችው አትመስልም። በጎኗ ትወድቃለች፣ ትቃናለች፣ እንደገና ትወድቃለች። ከእኔ ጋር የነበረችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ፣ እስክትሞት ጠበቀችና አውጥታ ርዝመቷን ለካች፤ ከዚያ ሆዷን በቢላዋ ቀደደች። ብርቱካናማው እንቁላል ገንፎ ሳይሆን ፍሬ ፍሬውን እንደያዘ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ጓንቷ ላይ ተዘረገፈ።

"ጋሼ፣ ይጻፉ" አለችኝ። "ሴት፣ እንቁላሏን ያልጣለች።"

ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ እንዳትቆጠር ጅራቷ ተቆረጠና ለሌሎች ፍጥረታት ምግብ እንድትሆን ተመልሳ ውኃው ውስጥ ገባች። ፑጀት ሳውንድኪፐር የተባለው የውኃ ተቆርቋሪ ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን እያሠለጠነ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚያሠራው ይህንኑ ነው፤ በጅረቱ ዳር መሄድ፣ የሞተውን መቁጠር፣ ሆዱን ከፍቶ ማየት፣ መጻፍ። በዓለም ላይ እንደዚህ የማያስመሰግን የነፃ አገልግሎት ያለ አይመስለኝም። ፎቶ ቢነሣ እንኳ ለማን ይላካል?

ነገር ግን ምስጢሩ እንዲፈለግ ያስገደደው ያ ቆጠራ ነው። መጀመሪያ የውኃው ሙቀት፣ የአየር እጥረት፣ በሽታ፣ የአረም መድኃኒት ተጠርጥሮ ሁሉም ነፃ ወጣ። ሞቱ ዝናብን ተከትሎ ይመጣል፤ መንገድና መኪና በበዛበት ይብሳል። ታኮማ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና ፒዩአለፕ ያለው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመኪና ጎማ ፈቅፍቀው በውኃ ከዘፈዘፉ በኋላ ውኃው ውስጥ የተገኙትን ሁለት ሺህ ያህል ኬሚካሎች አንድ በአንድ እየለዩ ሄደው፣ በታኅሣሥ 2020 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡት። ገዳዩ ሲክስ ፒፒዲ ኪኖን የሚባል ነገር ነው። ጎማ በአየር ውስጥ ባለው ኦዞን እንዳይሰነጣጠቅ ሲክስ ፒፒዲ የሚባል መከላከያ ይጨመርበታል፤ ያ መከላከያ ከኦዞኑ ጋር ሲዋሐድ ይህንን መርዝ ይወልዳል። ጎማው በአስፋልቱ ላይ እየተፈተገ ዱቄቱ ይቀራል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ ቱቦ ይወስደዋል፣ ጅረት ይቀበለዋል። በእርግጥ ዘመዱ ቸም ሳልሞን እዚያው ውኃ ውስጥ ደኅና ሆኖ ይውላል፤ ኮሆ ግን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

እኔ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነኝ። ጎማ እንጀራዬ ነው። ጎማ በቀየርኩ ቁጥር አሮጌው ሳስቶ፣ ጥርሱ አልቆ አየዋለሁ፤ ሥራ ባልደረቦቼም ያዩታል። ያለቀው ጎማ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሹፌር ግን አላጋጠመኝም። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆነን ይህን ሳወራ አንዱ "ታዲያ ሥራ እንፍታ?" አለኝ። ሌላው ኤሌክትሪክ መኪና መግዛቱን ጠቅሶ ራሱን ነፃ አወጣ። የእሱም መኪና ጎማ አለው፤ ባትሪው ስለሚከብድ ደግሞ ቶሎ ይበላዋል። ጭቅጭቁ ተራችን ደርሶ ተለያየን እንጂ አላለቀም።

ለነገሩ መድኃኒቱ በሹፌር እጅ ያለ አይደለም። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ እነ ጄኒፈር ማክኢንታየር ፒዩአለፕ ላይ ያሳዩት ነገር አፌን ያስያዘኝ ነው። ከሲያትል አውራ ጎዳና ላይ የተቀዳው የዝናብ ውኃ ኮሆውን በቀን ባልሞላ ጊዜ ገደለው። ያንኑ ውኃ በአሸዋና በብስባሽ አፈር ድብልቅ ውስጥ አሳልፈው ሲሰጡት ዓሣው አልሞተም። አሸዋና ብስባሽ! ከሎንግፌሎው ተፋሰስ አንድ አሥረኛ ያህሉን የሚይዘው ሃይ ፖይንት ሰፈር እንደገና ሲሠራ የመንገዱ ውኃ በቀጥታ ቱቦ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በየመንገዱ ዳር በተበጁ የተተከለባቸው ጎድጓዳ መደቦች ውስጥ እንዲሰርግ ተደርጓል። ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች እዚያ ይኖራሉ፤ መደቡን ግን አበባ ማሳመሪያ የሚመስላቸው አሉ። አንዷ እናት ልጆቿን "አበባው ውስጥ ቆሻሻ አትጣሉ" ስትል ሰምቼ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ነገርኳት። "ለዓሣ ነው? ታዲያ ዓሣው የት አለ?" አለችኝ። ዓሣው ቁልቁል ከሰፈሯ ሥር ነው፤ አይታው አታውቅም።

ከምንጩ ለማድረቅ የተነሡትም አሉ። ዩሮክ፣ ፖርት ጋምብል ስክላለምና ፒዩአለፕ የተባሉ ሦስት ነባር ሕዝቦች ሲክስ ፒፒዲ ከጎማ ውስጥ እንዲወጣ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ብለው በኅዳር 2023 አቤቱታቸው ተቀባይነት አግኝቷል። ተቀባይነት ማግኘት ማለት መታገድ ማለት አይደለም፤ ጎማው ዛሬም ይሸጣል፣ እኔም እገዛለሁ። ግን ሳልሞን ለእነርሱ ምግብ ብቻ አይደለም፤ በሕግ የታወቀ መብት ነው፤ ስለዚህ ይህን ነገር በቀላሉ አይለቁትም።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ያደግነው ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው፤ እናታችን ወንዙን የምትጠራው በአፍንጫዋ ነበር፤ ሲሸት "ዛሬ መጣ" ትላለች። ሸገርን ማስዋብ የተባለው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲነገር 29 ቢሊዮን ብር ወጥቶበት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ይለማል መባሉን ሰምተን ተደስተን ነበር። አሁን ወንድሜ የለማውን ዳርቻ እየዞረ ፎቶ ይልክልኛል። ያምራል። ሣሩ፣ መብራቱ፣ የእግረኛው መንገድ።

"ውኃውስ?" አልኩት።

"እሱ ገና ነው።"

ገና መሆኑ አያስደንቅም። ከመጸዳጃ ቤትም ከቆዳ ፋብሪካም እየለቀቁበት የከረመ ወንዝ በሣር አይታከምም፤ ያ ውኃ አቃቂ ሲደርስ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣበታል፣ ያንን ሰላጣ ደግሞ እኛው መርካቶ ገዝተን እንበላዋለን። እዚህ ሎንግፌሎው ላይ ያየሁት ነገር እዚያም ያው ነው፤ የወንዙ በሽታ የሚመጣው ከዳርቻው ርቆ ነው፣ የሚታየው ግን ዳርቻው ላይ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለወንድሜ ችግኝ ትከል አላልኩትም፤ በየክረምቱ ይተክላል። ያልኩት ሌላ ነው። ከእድራችሁ ሁለት ወጣት መርጣችሁ በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ድልድዩ ላይ ቆመው ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ የትኛው ቱቦ ምን እንደሚተፋ ይጻፉ። ድንኳን ተከላ የቀረም፣ ለቅሶ የቀረም ስሙ ተጽፎ የሚቀጣበት መዝገብ ያለው ሕዝብ ይህ አያቅተውም። ክረምት የተተከለውንም ግንቦት ላይ ሄደው ስንቱ እንደጸደቀ ይቁጠሩ።

"ቆጥረን ለማን እንሰጣለን?" አለኝ።

ጥያቄው ትክክል ነው፤ እዚህም ቢሆን ቆጠራው ሰሚ ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ለጊዜው ለእኔ ላኩልኝ አልኩት። የመጀመሪያው ወር መዝገብ በቴሌግራም ደርሶኛል፤ የልጅ ጽሑፍ ነው፣ ሁለት ማክሰኞ ላይ "ቀይ" የሚል አለበት፤ ከላይ በኩል ማን ምን እንደሚያጥብ እያጣሩ ነው።

ወደ እኛው ልመለስ። ዝናቡ ሰሞኑን ጀምሯል። በሚመጣው ቅዳሜ ባለፈው ዓመት በተከልናቸው ሴዳሮች ዙሪያ የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ እናለብሳለን፤ ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ጋት ይርቃል፣ ካልራቀ ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል። ካሪዮላ የሚገፋ ጉልበተኛ ያስፈልገናል። ኤች የሚባለው የደልሪጅ አውቶቡስ አጠገባችን ያደርሳል። ጓንትና ዶማ እዚያው አለ፤ ቦቲ ጫማ ግን የራሳችሁን ያዙ። ወገቡን የሚያመው ሰው አይቅር፤ ኅዳር ላይ ለቆጠራው መዝገብ የሚይዝ ሰው እንፈልጋለን፤ ቢላዋውን ልጅቷ ትይዛለች። ቡና እማማ ያመጣሉ። ስኳር ለሚፈልግ ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ እሳቸው ጨው ነው የሚጨምሩበት፣ ለማንም ብለው አይቀይሩም።